ብርድ አገር ላይ ዳቦ መጋገር፦ ማታ አቡክቶ ጠዋት መብላት

ደብረ ብርሃን ላይ "ዳቦ ጋግሬ አልሳካ አለኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም አንዷ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የነገረችኝን ልክ በልክ እከተላለሁ። እሷ ቤት በአንድ ሰዓት ኩፍ የሚለው ሊጥ እኔ ቤት ሦስት ሰዓት ተቀምጦም ንቅንቅ አይልም። አንድ ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ ተናድጄ ውሃ አፈላሁና ገና እጅ እያቃጠለ እርሾውን ጨመርኩበት። ያ ሊጥ ጭራሽ አልተነሣም። ስጋግረው ደግሞ ደርቆ ቀረ፣ አንድ ኪሎ ዱቄት ከነዘይቱ ባከነ።

ያን ቀን ነው ጎረቤታችን ያሉ ትልቅ እናት ቡሃቃውን ገልጠው አይተው፣

"ልጄ፣ ምን አጣደፈሽ? ማታ አቡክተሽው ብትተኚ ጠዋት ደርሶ ይጠብቅሽ አልነበር?" ያሉኝ።

"እማማ፣ በዚህ ብርድ?"

"በዚህ ብርድ ነዋ! ብርድ ሊጥ ያዘገያል እንጂ አይገድልም። የገደልሽው አንቺ ነሽ፣ በፈላ ውሃ።"

እውነታቸውን ነበር። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሲበርደው ቀስ ይላል፣ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ውሃው ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ይሞታል። ከዚያ ወዲህ የምጋግረው ማታ አቡክቼ ነው፣ እዚህም የምጽፍላችሁ ይሄንኑ ነው። ለመንዝም፣ ለአንኮበርም፣ ለጣርማበርም፣ ለማንኛውም ደጋ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሊጡን ወደ ታች የሚጫነው ነገር ያንሳል። ሊጡ በብርዱ ምክንያት ለመጀመር ይዘገያል፣ አንዴ ከጀመረ ግን የሚጫነው ስላነሰ ከሚገባው በላይ ይነፋና ምጣድ ላይ ሲወጣ ሟሽሾ ቁጭ ይላል። ብዙ ሰው "ኩፍ ብሎ ነበር፣ ስጋግረው ወረደብኝ" የሚለው ለዚህ ነው። እጥፍ ከሆነ በቂው ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁት። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ቤት ሄጄ ያንኑ ዱቄት በያንኑ ልክ አቡክቼ አውቃለሁ። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ሊጡ ሰዓት ሳይሞላው ከሳፋው ጠርዝ ላይ ደርሶ አገኘሁት። ዱቄቱም እጁም ያው ነው፣ የተለየው አየሩ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ።

ዱቄቱ

ፉርኖ ዱቄት ብቻ ከሆነ ዳቦው ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙ ግን ሳሳ ይላል። የወፍጮ ቤት ዱቄት ብቻ ከሆነ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ግን ይከብዳል። እኔ ቀላቅላለሁ፦ 600 ግራም ፉርኖ፣ 400 ግራም ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴ። የጅሩ ስንዴ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሞረትና ጅሩ በስንዴው የታወቀ አገር ነው፣ ገበያ ላይ ሻጮቹ ራሳቸው "የጅሩ ነው" ብለው ነው የሚጠሩት። የገብስ ዱቄት የሚወድ ቤት ካለ ከአንድ ኪሎው ላይ እስከ 200 ግራም በገብስ መተካት ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሊጡ ይፈረካከሳል፣ ምክንያቱም ሊጥን እንደ ላስቲክ የሚያስለጥጠው ነገር ገብስ ውስጥ እንደ ስንዴው የለም።

ዱቄቱን ንፉት። የወፍጮ ዱቄት በተለይ ሳይነፋ አይገባም።

ለአንድ ኪሎ ዱቄት የምጨምረው ይሄን ነው። ደረቅ እርሾ፣ ያን ትናንሽ ፍሬ የሚመስለውን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። ጨው ሦስት የሻይ ማንኪያ። ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ። ዘይት ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ጥቁር አዝሙድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ድንብላል ግማሽ። ውሃ 650 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ አንድ ሙሉና ሲሶ ማለት ነው። እኛ አገር በጋ ላይ ዱቄት በጣም ስለሚደርቅ ትንሽ ውሃ ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ አጠገባችሁ ይቀመጥ።

እርሾው ለአንድ ኪሎ አንድ ማንኪያ ብቻ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ነው። በዚያው ቀን መጋገር ከፈለጋችሁ ሁለት ተኩል አድርጉት፣ እሱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የውሃው ሙቀት ሕፃን ለማጠብ የምታዘጋጁት ዓይነት ይሁን። የክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብ አድርጉት፣ ሞቀም በረደም ካላላችሁ ልክ ነው።

ማቡካት

ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ እራት ተበልቶ ዕቃ ከታጠበ በኋላ ጀምሩ። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ እርሾውንና ቅመሙን ቡሃቃ ወይም ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ ቀላቅሉ። ውሃውን በሦስት ጊዜ እየከፈላችሁ ጨምሩ። ዱቄቱ ሁሉ እንደረጠበ ተዉትና እጃችሁን ታጥባችሁ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ይቺ ዕረፍት ግማሹን ሥራ ትሠራላችኋለች፣ ዱቄቱ በራሱ ጊዜ ውሃውን ይጠጣል። ከዚያ ጨውና ዘይት ጨምሩና እሹት።

እዚህ ላይ ነው ጀማሪ ሰው የሚሳሳተው። ሊጡ መጀመሪያ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ ያስጠላል፣ እጅ በራሱ ዱቄት ለመጨመር ይሄዳል። አትጨምሩ። የእጃችሁን መዳፍ በዘይት ቀባ አድርጉ። በመዳፋችሁ ተረከዝ ወደ ፊት ግፉት፣ መልሳችሁ እጠፉት፣ ሩብ ዙር አዙሩት፣ እንደገና ግፉት። አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ሊጡ ይለወጣል፣ ልብ ካላችሁት ይታወቃችኋል። ከመለጠፍ ወደ መለጠጥ ይሄዳል። ቡሃቃው ራሱ ይጠራል፣ ሊጡ ግድግዳውን እየጠረገ ይሰበሰባል። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ እሹት። ከዛ ጉንጭ የምታህል ቁራጭ ወስዳችሁ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ሳቡት፣ ሳይበጠስ እስኪሳሳና የመብራቱ ብርሃን በውስጡ እስኪያሳልፍ ከተሳበ ደርሷል። ከተበጠሰ ሦስት ደቂቃ ጨምሩለት።

አድቦልቡሉትና ላዩን ዘይት ቀቡ። በላስቲክ ወይም በረጠበ ጨርቅ ሸፍኑት። ይሄን አትዝለሉት፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሳይሸፈን ያደረ ሊጥ ላዩ ይቀረፍና ጠዋት እንደ ቆዳ ይሆናል።

ታኅሣሥና ጥር ላይ ኩሽናው በጣም የሚበርድ ከሆነ እኔ ሳፋውን በአሮጌ ብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። የብርድ ልብስ አገር ሆነን ሊጡ ለምን ይበርደዋል? ክረምት ላይ ግን መጠቅለል አያስፈልገውም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትገልጡት እጥፍ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ትናንሽ አረፋ አውጥቶ፣ ደስ የሚል ቀለል ያለ የመኮምጠጥ ሽታ ይዞ ታገኙታላችሁ። ያ ሽታ ነው የሌሊቱ ትርፍ። በአንድ ሰዓት በሙቀት የተጣደፈ ሊጥ ይሄን ጣዕም ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ጣታችሁን ዱቄት ነክታችሁ ጫን አድርጉበት። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ግማሽ ከሞላ ልክ ነው። ወዲያው ፈንጠር ብሎ ከሞላ ገና ነው፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ጭራሽ ካልተመለሰና ሊጡ ከተነፈሰ አልፎበታል። ቢሆንም አይጣልም፣ አንድ ሁለቴ አሽታችሁ፣ ቅርጽ ሰጥታችሁ፣ አጠር ላለ ጊዜ ብቻ አሳርፋችሁ ጋግሩት።

ማታ ያላሰባችሁበት ቀን ከሆነ፣ እንግዳ ድንገት መጥቶ ወይም ልጆች ለምነዋችሁ፣ እርሾውን ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ አድርጉ። ሳፋውን ፀሐይ የገባበት መስኮት ሥር፣ ወይም ወጥ ተሠርቶበት ገና ለብ ያለ ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ትኩስ ምድጃ ላይ ግን አታስቀምጡት፣ ታቹ ይበስላል።

መጋገር

ሁሉም ቤት ኦቭን የለውም፣ ስለዚህ በኤሌክትሪክ ምጣድ እጀምራለሁ። ኮባ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ኮባው ሲታጠፍ እንዳይቀደድ ምጣዱ ላይ ወይም እሳት ላይ ለብለብ አድርጋችሁ አለዝቡት፣ ወፍራሙን የመሃል አጥንቱን በቢላ አሳሱት፣ ጠርዙ እርስ በርሱ እንዲደራረብ አድርጋችሁ አንጥፉት። ኮባ ከሌለ ምጣዱን ዘይት ቀብታችሁ ትንሽ ዱቄት በተን አድርጉበት።

ሊጡን ከሳፋው ስታወጡ አትደብድቡት። አንዴ በቀስታ አጣጥፋችሁ አየሩን አውጡ፣ ሦስት ጣት ውፍረት እንዲኖረው አድርጋችሁ ኮባው ላይ ዘርጉት፣ ላዩን በእርጥብ እጅ አለስልሱት። የመቁረጫ መስመሩን በቢላ ጫፍ አሁኑኑ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ 30 ደቂቃ ያህል እንደገና ይረፍ። ምጣዱ በዚህ ጊዜ አይበራም።

ብዙዎቻችን ያለን ምጣድ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው። ለእንጀራ የምታግሉትን ያህል ካጋላችሁት ዳቦው ታቹ አርሮ መሃሉ ሊጥ ይሆናል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የተዘረጋው ሊጥ 30 ደቂቃውን እንዳረፈ አበራለሁ፣ ለአምስት ደቂቃ እተወዋለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ሌላ አምስት ደቂቃ በያዘው ሙቀት እንዲበስል እጠብቃለሁ፣ እንደገና አበራለሁ። እንዲህ እያልኩ 30 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። አክንባሎው በደንብ ገጥሞ ይቀመጥ፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ አትፈልጉም። ላዩ ሲነካ እጅ ላይ መለጠፍ ሲያቆም ሌላ ኮባ ወይም ዘይት የተቀባ ወረቀት ላዩ ላይ አድርጋችሁ፣ ሰፌድ ደፍታችሁበት ገልብጡት። ለዚህች ሰከንድ ሁለተኛ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። የተገለበጠው ወገን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የምጣድ ጠባይ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጋገራችሁ በኋላ የእናንተን ታውቁታላችሁ።

የድሮው የድፎ አጋገር ከላይ ብረት ምጣድ ደፍቶ ፍም መደርደር ነው፣ መገልበጥም አያስፈልገውም። ከሰልና ቦታ ያለው ሰው እሱን ይሞክር፣ ላዩን ጥርት አድርጎ የሚያቀላው እሱ ነው።

ኦቭን ያላችሁ ሊጡን ለሁለት ከፍላችሁ ዘይት በተቀባ ፓትራ ላይ አድርጉ። 200 ዲግሪ ላይ አስቀድማችሁ አሙቁ፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጋግሩ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የፈላ ውሃ የያዘ ትንሽ ብረት ዕቃ አስቀምጡ። እንፋሎቱ ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ ለእኛ ደረቅ አየር በጣም ይጠቅማል።

መብሰሉን ለማወቅ ዳቦውን አንሥታችሁ ታቹን በጣታችሁ አንኳኩ። እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። የታፈነ ድምፅ ከሆነ አሥር ደቂቃ ጨምሩ። በቴርሞሜትር የምትለኩ ካላችሁ፣ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች "ውስጡ 95 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ" ሲሉ አትከተሏቸው። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ እርጥብ የሆነው የዳቦው ውስጥ ከዚያ ብዙም አያልፍም። 95ን እየጠበቃችሁ ዳቦውን ታደርቁታላችሁ። ወደ 90 ሲጠጋና ታቹ ሲያስተጋባ አውጡት።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ምጣዱን አትክፈቱ። በያዘው ሙቀት ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ገና ያልተጋገረ ሊጥ ከሆነ ደግሞ ደብደብ አድርጋችሁ አየሩን አውጡና በረድ ያለ ቦታ መልሱት፣ ሰዓታት ይጠብቃችኋል።

ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሌማት ላይ አሳርፉት። ቢያንስ 40 ደቂቃ። አውቃለሁ፣ ቤቱን ሽታው ሞልቶት መጠበቅ ከባድ ነው። ግን ትኩሱን ከቆረጣችሁት መሃሉ ይጨማለቃል፣ ያልበሰለ ይመስላችኋል።

ከዚያው ሊጥ ቦምቦሊኖ

ልጆች ላሉበት ቤት ይሄን አጥብቄ እመክራለሁ። ጠዋት ከተነሣው ሊጥ ሲሶውን ቀንሱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ እሹት፣ 20 ደቂቃ አሳርፉት። አንድ ጣት በሚሆን ውፍረት ዳምጡት፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ቁረጡት፣ መሃሉን በሃይላንድ ክዳን ብሱት። እንደገና 20 ደቂቃ። መካከለኛ እሳት ላይ ዘይት አሙቁ። ሙቀቱን ለማወቅ የሊጥ ፍርፋሪ ጣል አድርጉበት፣ ወርዶ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ጀምሩ። ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ። አገላብጣችሁ አውጡና ትኩሱን ስኳር ላይ አንከባሉት። ወተትም እንቁላልም ስለሌለው ለጾም ይሆናል።

ጨጨብሳ፣ እርሾ ለረሳ ሰው

ማታ ማቡካት ረስታችሁ ካደራችሁ አትጨነቁ፣ ቂጣ እርሾ አይፈልግም። ሁለት ብርጭቆ ዱቄት፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ ከአንድ ብርጭቆ ትንሽ ያነሰ ውሃ። ጠንከር ያለ ሊጥ ይሁን። 15 ደቂቃ አሳርፉት፣ ስስ አድርጋችሁ ዳምጡት፣ በጋለ ምጣድ ሁለቱንም ወገን ነጠብጣብ እስኪያወጣ ጋግሩት። ገና ትኩስ እያለ ቆራርሱት፣ ሲበርድ ቅቤ አይጠጣም። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጋር አቅልጣችሁ አዋህዱት። የሸኖ ቅቤ ካለ ሌላ ምንም አያስፈልግ። ለጾም በዘይት። ማር ጎን ላይ።

እሳት ጨርሶ የማይነሣበት ጠዋት ደግሞ በሶ አለ። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ስለሆነ የሚበስል ነገር የለውም። አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ። እጅ ውስጥ ሲጨበጥ የማይፈርስ ከሆነ በቃው፣ ጭብጦ አድርጋችሁ ከሻይ ጋር ብሉት። መንገደኛ ሰው በከረጢት ይዞት ይሄዳል፣ ጠግቦ ምሳ ይደርሳል።

ሙልሙል ለቡሄ

ነሐሴ 13 ሲደርስ ልጆቹ ጅራፋቸውን እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በር ላይ ይመጣሉ። ከሱቅ የተገዛ ዳቦ ሰጥቶ መሸኘት ለእኔ ቅር ይለኛል። በላይ የጻፍኩት አንድ ኪሎ ሊጥ ወደ 14 ትናንሽ ሙልሙል ይወጣዋል። ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ውሃውን ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ። ሊጡን እኩል እኩል ቆራርጣችሁ በመዳፍ እያድቦለቦላችሁ ሞላላ አድርጉት፣ ዘይት በተቀባ ፓትራ ላይ ጣት ጣት ያህል አራርቁት፣ 30 ደቂቃ አሳርፉት። ኦቭን ውስጥ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ፣ ምጣድ ላይ እየገለበጣችሁ ያንኑ ያህል። ጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ወተትና ቅቤ አታስገቡ።

የተረፈ ዳቦ

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ፣ እዚያ ቶሎ ይደርቃል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሌማት ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ቀን እኔ ዳቦ ፍርፍር እሠራዋለሁ። ሽንኩርት በዘይት ቁሌት፣ በርበሬ፣ ትንሽ ውሃ፣ የደረቀውን ዳቦ ቆራርሶ ማዋሃድ ነው። ወይም ፍስክ ከሆነ ሁለት እንቁላል በትንሽ ወተት መትታችሁ ቁራጮቹን ነክሩና ጥበሱ።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር፣ ማታ አሽታችሁ ስትጨርሱ ጭብጥ የምታህል ሊጥ ቀንሱና ዱቄት ባለበት ማሰሮ ወይም ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ቅበሩት። በሚቀጥለው ሳምንት በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ከገዛችሁት እርሾ ግማሹን በሱ ትተካላችሁ። የጎረቤቴ ማሰሮ ዓመቱን ሙሉ አይጸዳም፣ እኔም የመጀመሪያዋን ጭብጥ የወሰድኩት ከሳቸው ነው።